በመርከብ ላይ ስለሚሰጥ ንግግርና ስለ እድራችን እንግዶች

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባሎች አንዱ ያደረጉት ንግግር)




 በዓመቱ ውስጥ በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ኮሚቴው «ግማሽ ሰዓት ሰጥተንሃል፤ በመረጥኸው አርእስት ተናገር» ባለኝ ጊዜ፣ ብዙ ካሰብሁ በኋላ የመረጥሁት በትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ላይ ለመንገደኞች ስለሚሰጠው ንግግር ነው። አርእስቱን ለጸሐፊያችን ብነግረው ሳቀብኝ። «ንፋስ መውጫ ላይ ተቀምጠን፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነን፣ ስለ መርከብ ምን አገባን? ከክረምት ጎርፍ በቀር እኛ ምን ውኃ እናውቃለን?» አለኝ። እውነቱን ነው። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ነገሩ ከመርከቡ ተነሥቶ ወደዚሁ ወደ ድንኳናችን እንደሚመለስ ታያላችሁ። በመርከብ ላይ የተሳፈረ ሰውና በእድር ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው በአንድ ነገር ይመሳሰላሉና። ሁለቱም ተነሥተው መሄድ አይችሉም። የመርከቡ ሰው ቢሰለቸው እንኳ ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል፤ የእኛ አባል ግን ስም ሳይጠራ ከወጣ ይቀጣል! ታዲያ ተነሥቶ መሄድ ለማይችል ሰው የሚናገር ሰው ምን ዓይነት ሰው መሆን አለበት? ማንስ ነው መርምሮ የሚያቀርበው? የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው።

መቼም ነገር ከሚያውቁት ሲጀመር ይሻላልና ከጣና ልጀምር። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራችን ተነሥተው ጣና እንደሚገቡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጣና ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ የጉና ዝናብ ማረፊያው ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል የልጅ ልጄ ባሕር ዳር ላይ ተመረቀችና ቤተ ሰቡ ተሰብስበን ሄድን። ምርቃቱ ካለቀ በኋላ «ጣናን ሳናይማ አንመለስም» ተባለና የሞተር ጀልባ ተከራይተን ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ተጓዝን። አንድ ወጣት አስጎብኚ አብሮን ተሳፈረ።

ልጁ አፉ ይጣፍጣል። ጀልባው ከወደቡ ሳይርቅ ገለጻውን ጀመረ። «የጣና ጥልቀት እስካሁን በሳይንስ አልተደረሰበትም» አለን። «የምታዩት የገዳሙ ሥዕል ሁሉ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» አለን። እኛም «እንዴት ያለ ነገር ነው!» እያልን ራሳችንን ነቀነቅን። በዚህ መካከል አብሮን የነበረ የሰባት ዓመት ልጅ በደንገል ታንኳ የሚሄድ ዓሣ አጥማጅ አየ። ሰውዬው ረጅም ዘንጉን ከውኃው ሥር እየተከለ ታንኳውን ይገፋል። ልጁም «ጥልቀቱ ካልታወቀ የሰውዬው እንጨት እንዴት መሬት ይነካል?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው ሳቀና ወደ ሌላ ወሬ ገባ። እኛም ትልልቆቹ ልጁን «ዝም በል» አልነው። በኋላ እንዳነበብሁት ጣና ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ የሚያስደንቅ ሐይቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ14 ወይም ከ15 ሜትር አያልፍም። ሥዕሎቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ ገዳሙ ከተመሠረተ ከረጅም ዘመን በኋላ የተሣሉ ናቸው፤ ውበታቸውም ክብራቸውም በዚህ አይቀንስም ነበር። ከጀልባ ስንወርድ ደግሞ ልጁ ከገዳሙ በፊት ቅርጻ ቅርጽ ወደሚሸጥበት አንድ ቤት መራን፤ ባለ ቤቱም በዓይኑ ጠቀሰው። ያን ጊዜ የንግግሩ ጣዕም ከየት እንደመጣ ገባኝ።

ስንመለስ ወጣቱ ሌሎች እንግዶች አግኝቶ ቀረ። ጀልባውን የሚነዳው ዝምተኛ ሰው፣ የዘጌ ተወላጅ፣ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ዘወር አለና «ዋና የምትችሉ እጃችሁን አውጡ» አለን። ማን ያውጣ! ሁላችንም የደጋ ሰዎች ነን። ስንሄድ ከመቀመጫው ሥር ተቆልሎ የነበረውን ላይፍ ጃኬት እያነሣ ለያንዳንዳችን አለበሰን፤ ማሰሪያውንም በእጁ እየሳበ አየው። ከዚያ በኋላ ምናልባት ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንት ሥርዓት የተከለከለ መሆኑን፣ ሰዉ ከጫካው ሥር በሚበቅለው ቡና እንደሚኖርና ጫካውም በዚሁ ምክንያት እንደቆየ ነገረን። በጣና ውስጥ በሌላ አገር የማይገኙ ብዙ የዓሣ ዓይነቶች እንዳሉና እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት ወደ ርብና ወደ ጉማራ የሚወጡ እንዳሉ ነገረን። እምቦጭ የሚባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ መታየት ከጀመረ ወዲህ በሰሜኑና በምሥራቁ ዳር ያለው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ እንዴት እንደተቸገረ ነገረን። ልጃችን «ቤተ ክርስቲያኑ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው «እሱን እኔ አላውቅም ልጄ፤ ካህናቱን መጠየቅ ነው» አለው።

እኔ መምህር ሆኜ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። በዚያ ቀን ግን ከዚያ ጀልባ ነጂ አንድ ትምህርት ተማርሁ። ጥሩ ተናጋሪ መጀመሪያ የሰሚውን ደኅንነት ያስባል፤ ቀጥሎ የሚያውቀውን ይናገራል፤ የማያውቀው ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ከዚያ በኋላ ውጭ አገር የሚኖር የወንድሜ ልጅ ሊጠይቀን መጣና ይህንኑ ባወጋው «ጋሼ፣ ይኸ እኮ በትልልቁም መርከብ ያለ ነገር ነው» አለኝ። እሱና ሚስቱ ለዕረፍት በአንድ የሽርሽር መርከብ ሄደው ነበር። መርከቡ አንድ ከተማ ያህል ሰው ይይዛል፤ ወደብ የማይታይበት፣ ከሰማይና ከውኃ በቀር ምንም የሌለበት ቀን አለ። በዚያ ቀን መንገደኛው እንዳይሰለች ከሚደረጉት ነገሮች አንዱ አዳራሽ ሰብስቦ ንግግር ማሰማት ነው። ይህ ነገር ስለገረመኝ ያገኘሁትን ሁሉ እየፈለግሁ አነበብሁ፤ ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

ለሽርሽረኛ ዕውቀት አብሮ የመሸጥ ነገር ከእኛው ውኃ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው ብላችሁ ታምናላችሁ? ቶማስ ኩክ የሚባለው እንግሊዛዊ የጉዞ ነጋዴ የመጀመሪያዎቹን አገር ጎብኚዎች በእንፋሎት መርከብ በግብፅ ዓባይ ላይ ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1869 ነበር፤ የሱዌዝ ቦይ በተከፈተበት ዓመት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ ዋሊስ ባጅ የሚባለው የእንግሊዝ ሊቅ ለዚሁ ኩባንያ መንገደኞች ስለ ዓባይና ስለ ግብፅ ጥንታዊ ሥራዎች የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። ይህ ባጅ በኋላ ክብረ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ያው ሰው ነው። እንግዲህ የጉና ዝናብ ርብና ጉማራን አልፎ፣ ጣናን አልፎ፣ ግብፅ ሲደርስ የፈረንጅ ሽርሽረኛ ተሸክሞ ነበር፤ ለዚያ ሽርሽረኛም የሚያስረዳው ሊቅ ተፈልጎለት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1954 ስዋን የሚባል የእንግሊዝ የጉዞ ድርጅት ወደ ግሪክ ባሕር በሚሄድ መርከብ ላይ የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትን ማሳፈር ጀመረ፤ ከተናጋሪዎቹም መካከል ሞርቲመር ዊለር የሚባለው ስመ ጥር የጥንታዊ ቅርስ ቆፋሪ ይገኝ ነበር። መንገደኛው ማታ ንግግሩን ሰምቶ፣ በማግስቱ ፍርስራሹን በዓይኑ ያያል። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ተማሪዎች የኮሌጅ ትምህርታቸውን በመርከብ ላይ እየተማሩ ዓለምን የሚዞሩበት ፕሮግራም ተቋቋመ። ለምሥራቅ አፍሪካ መስመር ተሠርታ የነበረች «ዩጋንዳ» የምትባል መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በየጉዞው ወደ 900 የሚጠጉ ተማሪዎችን እየያዘች ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ሆና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የእንግሊዝ መንግሥት ለፎክላንድ ጦርነት ወስዶ ሆስፒታል አደረጋት።

የንግግሩ ዓይነትም እንደ ገበያ ቀን ነው። ታሪክ አለ፤ የባሕር እንስሳት ነገር አለ፤ የሙዚቃ፣ የምግብ፣ የሥዕል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረችው «ኩዊን ሜሪ 2» የሰማይን ከዋክብት በጣራው ላይ የሚያሳይ አዳራሽ አላት። ሰላምን ለማስተማር እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን የተመሠረተው «ፒስ ቦት» ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የአቶሚክ ቦምብ የተረፉ ሽማግሌዎችን እያሳፈረ፣ በየወደቡ ያዩትን በገዛ አፋቸው እንዲመሰክሩ አድርጓል። ይህን ሳነብ ብዙ አሰብሁ። እነዚያ ሰዎች ተናጋሪ የሆኑት ዲግሪ ስላላቸው አይደለም፤ ስላዩ ነው።

የወንድሜ ልጅ በአንድ ጉዞ ስድስት ተናጋሪ ሰምቷል። ከሁሉ የወደደው ጡረታ የወጣ የመርከብ መሐንዲስ ነበር። መሐንዲሱ መርከቡ የሚጠጣውን ውኃ ከዚያው ከጨዋማው ባሕር አጣርቶ እንዴት እንደሚያወጣ በብርጭቆና በጨው እያሳየ አስረዳቸው፤ ሲጨርስም ጥያቄ አላልቅ ብሎ አዳራሹን በግድ ለቀቁ። ከሁሉ የጠላው ማዕርጉ ትልቅ የሆነ ምሁር ነበር፤ ምሁሩ ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ አንብቦ ጨረሰ። ስድስተኛው ግን የተለየ ነው። አርእስቱ «ነገ ስለምንደርስበት ወደብ» ይላል። ሰዉም የአገሩን ታሪክና ሥርዓት ሊሰማ ሄደ። ተናጋሪው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተናገረው ወርቅና ሰዓት በየትኛው ሱቅ መገዛት እንዳለበት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ምሥጢሩን ልንገራችሁ። በብዙ መርከቦች ላይ ታሪክና ሳይንስ የሚናገረው እንግዳ ደመወዝ የለውም። እሱና አንድ አብሮት የሚሄድ ሰው ተኝተው በልተው በነጻ ይጓዛሉ፤ በዚህ ፈንታ ባሕር ላይ በሚዋልበት ቀን ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይናገራል። መንገደኛው በኋላ አስተያየቱን በወረቀት ይሰጣል፤ ያልተወደደ ተናጋሪ ሁለተኛ አይጠራም። ስለ ሱቅ የሚናገረው ግን ጥቅሙ የሚመጣው ከሱቆቹ ነው፤ በስሙ የተጠሩት ሱቆች ከፍለውበታል። ሁለቱም አንድ መድረክ ላይ ይቆማሉ፤ ሁለቱም አንድ ማይክሮፎን ይይዛሉ። ሰሚው በምን ይለያቸው? እንግዲህ የንግግሩን ጥራት ለማወቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ሰው ማን ነው የሚከፍለው?» የሚል ነው። ለነጋዴ መናገር ነውር ነው አላልሁም፤ ነጋዴ መሆኑን መደበቅ ነው ነውሩ።

ንግግር ከጨዋታ አልፎ ግዴታ የሚሆንበትም ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አገር ጎብኚዎች እስከ አንታርክቲካ በረዶ ድረስ መሄድ ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ጉዞውን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች ማኅበር አቋቁመው ሥርዓት አወጡ፤ መንገደኛው ከመርከብ ወርዶ በረዶውን ከመርገጡ በፊት ገለጻውን መስማት አለበት። ፔንጉዊን ወደሚባሉት ወፎች ከአምስት ሜትር በላይ አትቅረብ፣ ጫማህን እጠብ፣ ምንም አትጣል፣ ምንም አታንሣ ይባላል። ያልሰማ አይወርድም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ጥር 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ማታ «ኮስታ ኮንኮርዲያ» የምትባለው የጣልያን የሽርሽር መርከብ ከ4 ሺህ 200 ሰው በላይ እንደያዘች በጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጨችና ተጋደመች። 32 ሰዎች ሞቱ። ከሮም አጠገብ ካለው ወደብ ተሳፍረው ገና ጥቂት ሰዓት የሆናቸው በመቶ የሚቆጠሩ መንገደኞች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አደጋ ቢመጣ የት እንደሚሰበሰቡና ላይፍ ጃኬቱን እንዴት እንደሚለብሱ ገና አልተነገራቸውም፤ በዚያን ጊዜ ደንቡ የ24 ሰዓት ፋታ ይሰጥ ስለነበር ትምህርቱ ለማግስቱ ነበር የተያዘው። ምግቡ ቀርቧል፤ ጨዋታው ተጀምሯል፤ የሚያድነው ቃል ግን ለነገ ተብሎ ነበር። ከዚህ በኋላ የዓለም አቀፉ ደንብ ተለውጦ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያ ትምህርት መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲሰጥ ተደረገ። የዘጌው ጀልባ ነጂ ግን ይህን ማንም ሳያዝዘው ያውቀው ነበር።

እንግዲህ ከባሕሩ እንውጣና ወደ አገራችን እንመለስ። «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ካለ፣ ተናጋሪንና አስተማሪን በመመርመር የጋይንትን ያህል አንጀቱ የጠና አገር እንዳለ አላውቅም። ቤተልሔም የድጓ ምስክር መሆኑን የማያውቅ በመካከላችን ማን አለ? አንድ ተማሪ ድጓን በጎጃም ይማረው፣ በሸዋ ይማረው፣ በትግራይ ይማረው፣ «መምህር ነኝ» ለማለት ቤተልሔም መጥቶ በምስክሩ መምህር ፊት ተቀምጦ፣ ዜማውንና ምልክቱን አንድ በአንድ አስመርምሮ፣ የተሳሳተውን አርሞ ማስመስከር ነበረበት። ዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ በዙር አምባ ይመሰከራል። ድምፁ ያማረ ብዙ ነው፤ ድምፅ ማማሩ ግን ምስክር አይሆንም። በደጃችን ይህን የመሰለ ሚዛን ይዘን፣ እኛ የገዛ እድራችንን መድረክ ለመጣው ሁሉ የምንለቅቅ ሆንን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስሁ፤ ይህን ንግግር ለማድረግ የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ዓመታዊ ስብሰባችን ላይ እኔ የእንግዳ ጋባዥ ሆኜ ተመርጬ ነበር። «ስለ ጤና የሚያስተምር ሰው ከከተማ መጥቷል» ተባለና ሰውዬውን አገኘሁት። ንጹሕ ለብሷል፤ ቃሉ ይጥማል፤ መጽሐፍ ይጠቅሳል። ማን እንደላከው አልጠየቅሁም። የት እንደተማረ አልጠየቅሁም። በሻንጣው ውስጥ ምን እንደያዘም አልጠየቅሁም። ወስጄ በዳኛችን ቀኝ አስቀመጥሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ደም ብዛትና ስለ ስኳር በሽታ ተናገረ፤ ብዙው እውነት ነበር፤ የሰዉም ልብ በእውነቱ ተከፈተ። ከዚያ ሻንጣው ተከፈተ። ሁለቱንም በሽታ «ከሥሩ የሚነቅል» ያለውን ጠርሙስ አወጣ። «ይህን የሚወስድ ሰው ኪኒን አያስፈልገውም» አለ። ስም ገና አልተጠራም ነበር፤ ተነሥቶ የሚወጣ የለም። ብዙዎቻችሁ ገዛችሁ፤ እኔም ገዝቻለሁ።

ከአባሎቻችን አንዱ የደም ብዛት ኪኒኑን አቁሞ ጠርሙሱን ይጠጣ ጀመር። አላመመውም፤ እንዲያውም «ተሻለኝ» ይል ነበር። የደም ብዛት ክፋቱ ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ውስጥ ውስጡን ይሠራል። ስለዚህ የተሻለው ሰው ራሱ ኪኒኑን በገዛ ፈቃዱ ማቆም የለበትም፤ ከጤና ባለሙያ ጋር ሳይማከር ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል። በአራተኛው ወር ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፤ አንደበቱም ተሳሰረ። ልጁ ሥራዋን ትታ አስታማሚ ሆነች። የሰውዬው ስልክ ቢደወል አይነሣም።

እኔ ለመጠየቅ ስሄድ እግሬ እየከበደኝ ነበር። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ «ይቅር በለኝ፤ ያን ሰው ያመጣሁብህ እኔ ነኝ» አልሁት። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ ልጁ እየረዳችው፣ እንዲህ አለኝ፦ «እኔ ሰውዬውን መቼ አመንሁት? የማላውቀውን ሰው በምን አምነዋለሁ? እኔ ያመንሁት እድሩ ያስቀመጠውን ወንበር ነው።»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ግን የወለምታው ጥፋት የአፍ ብቻ እንዳልሆነ አይቻለሁ። ወንበር ያቀረበውም ተጠያቂ ነው። ሰዎች ለዚህ እድር የሚያዋጡት ለቀብራቸው ነው፤ ያመኑን በመጨረሻው ነገራቸው ነው። በሞቱ ያመነን ሰው በሕይወቱ ልንጎዳው አይገባንም ነበር።

ስለዚህ ከመርከቡም፣ ከጀልባውም፣ ከቤተልሔምም የተማርሁትን ሰብስቤ ለጉባኤው አምስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማንም እንግዳ በእድራችን ስብሰባም ሆነ በለቅሶ ድንኳን ከመናገሩ በፊት ኮሚቴው ሦስት ጥያቄ ይጠይቀው፦ ማን ላከህ? ይህን ነገር ከየት አወቅኸው? ከዚህ ንግግር ምን ታገኛለህ? መልሱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ሰውዬው ሲነሣም ለአባሎች ይነበብ።

ሁለተኛ፣ ንግግር በተደረገበት ቀን በዚያው ቦታ ምንም ነገር አይሸጥ። የሚሸጥ ያለው በገበያ ቀን በገበያ ቦታ ይሽጥ፤ እዚያ ተነሥቶ መሄድ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ስለ ጤና የሚናገር የጤና ባለሙያ ይሁን፤ ስለ ውርስና ስለ ኑዛዜ የሚናገር ሕግ የሚያውቅ ይሁን፤ ስለ መሬት የሚናገር ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ይሁን። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል፤ ለእንግዳ ቁርበቱን ማንጠፍ ደግ ነው፤ ነገር ግን እንግዳው ማን እንደሆነ ካወቁ በኋላ ነው።

አራተኛ፣ ንግግር ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ከዚያ ያላነሰ ጊዜም ለጥያቄ ይቅር። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም። ጠያቂም አይገሠጽ። በጀልባው ላይ ያን የሰባት ዓመት ልጅ ዝም ያሰኘነው እኛ ነበርን፤ እውነቱን ይዞ የነበረው ግን እሱ ነው። በ2009ም አንዲት እናት «ኪኒኑንስ ሐኪሙን ሳንጠይቅ እንተወዋለን?» ብለው ጠይቀው ነበር፤ «እትዬ፣ ይቆዩን፤ እንግዳ አይቋረጥም» ያልኋቸው እኔ ነኝ።

አምስተኛውና ለእኔ ዋናው፣ ተናጋሪን ከሩቅ ብቻ አንፈልግ። ያ የመርከብ መሐንዲስ የመርከቡን ውኃ ነገር ሲናገር አዳራሽ ሙሉ ሰው እንደሰማው አስቡት። በመካከላችን ስንት ዓመት ሙሉ ያዋለዱ እናት አሉ። ድንጋይ ጠርቦ ግንብ የሚያቆም ባለ ሙያ አለ። ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው መንገድ ሲሠራ ያዩ ሽማግሌዎች አሉ። ከቤተልሔም ተመስክረው የመጡ መሪጌታ አሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ያዩትን የሚናገሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች አንድ በአንድ እያለፉ ነው፤ ዕድራችንም እየቀበራቸው ነው። በየሦስት ወሩ አንዱን ብናስነግር፣ አንድ ወጣትም ቢጽፈው፣ ይህ መጽሔታችን ከስም ዝርዝርና ከሒሳብ ሪፖርት ያለፈ ቅርስ ይሆናል። ከሽማግሌ አፍ ሳንሰማ ቀብረን፣ በኋላ ከማናውቀው እንግዳ ስለ አገራችን መስማት አያምርብንም።

ያ አባላችን ዛሬ በመካከላችን አለ። በከዘራ መሄድ ጀምሯል፤ ንግግሩም ከበፊቱ ይሻላል። ይህን እንድናገር ፈቃዱን ጠይቄው «ስሜን አትጥራ፤ ነገሩን ግን ንገራቸው፤ ለሌላው ይጠቅማል» ብሎ ፈቅዶልኛል። እሱን በእናንተ ሁሉ ፊት አመሰግነዋለሁ፤ ይቅርታም እጠይቀዋለሁ።

ለእኔም ሦስቱ ጥያቄዎች ይጠየቁኝ። ማን ላከኝ? ኮሚቴው። ከየት አወቅሁት? ግማሹን አንብቤ፣ ግማሹን ጎድቼና ተጎድቼ። ምን አገኛለሁ? ጉባኤው ሐሳቡን ከተቀበለኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው ያለ ሥጋት መስማት።

ግማሽ ሰዓቴ አልቋል። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።